የሳይንስ ልብ ወለድ ለመጻፍ የባንክ ሥራዬን ልልቀቅ ወይ?

ጥያቄው የመጣው ከአዳማ ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ዕድሜዬ 29 ነው። ባንክ ውስጥ ገንዘብ ከፋይ ሆኜ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ማታ ማታ የሳይንስ ልብ ወለድ እጽፋለሁ። አንድ ረቂቅ ጨርሻለሁ፣ ሁለተኛውን አጋምሻለሁ። ለአንድ ዓመት ተኩል የሚያኖረኝ ብር አጠራቅሜያለሁ። ሥራዬን ለቅቄ ሙሉ ጊዜዬን ልጻፍ ወይ? ውጭ አገር ያሉት የሳይንስ ልብ ወለድና የፋንታሲ ደራሲዎች በስንት ዓመታቸው ነው በብዕራቸው መኖር የጀመሩት? የሁለተኛውን ሦስት ምዕራፍ አያይዤልዎታለሁ።»

መልሱን ከፊት ላስቀምጥልሽ፤ አትልቀቂ። ቢያንስ አሁን አትልቀቂ። ተስፋ ላስቆርጥሽ ፈልጌ አይደለም። እኔ አሥራ አራት ዓመት ለንደን ውስጥ ረቂቅ ሳነብና የደራሲያን ውል ሳገላብጥ ነው የኖርኩት። በዚህ ዘርፍ ሰው ችሎታ ሳያንሰው በሒሳብ ስህተት ሲወድቅ ደጋግሜ አይቻለሁ። አንቺ ደግሞ የባንክ ሰው ነሽ። ሒሳቡን ካሳየሁሽ ከእኔ ይልቅ አንቺ ትረጂዋለሽ።

«በስንት ዓመታቸው» ላልሽው አማካይ ቁጥር አልሰጥሽም፤ ምንም አይጠቅምሽም። ይልቅ የአንዲት ደራሲ ኑሮ ከፍቼ ላሳይሽ። ኦክታቪያ በትለር ትባላለች። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1947 ካሊፎርኒያ፣ ፓሳዲና ተወለደች። አባቷ ሊስትሮ ነበር፤ ገና ሕፃን ሳለች ሞተ። እናቷ ሰው ቤት ተቀጥራ እየሠራች አሳደገቻት። ልጅቷ ረጅም፣ ዓይናፋር፣ ስታነብ ፊደል የሚደበላለቅባት ነበረች። በአሥር ዓመቷ የጽሕፈት መኪና ይገዛልኝ አለች። የእናቷ ጓደኞች «ለዚች ልጅ? ቁም ሳጥን ውስጥ አቧራ ሊጠጣ!» አሉ። እናት ገዛችላት። ትንሽ ከፍ ስትል አክስቷ ቁጭ አድርጋ ጥቁር ሰው ደራሲ እንደማይሆን መከረቻት፤ ክፉ ሴት ሆና ሳይሆን የምታውቀው ዓለም እንደዚያ ስለነበረ። በአሥራ ሁለት ዓመቷ ደግሞ በቴሌቪዥን ከማርስ ስለመጣች ሴት የሚተርክ የማይረባ ፊልም አየችና «ከዚህ የተሻለ እኔም እጽፋለሁ» ብላ ጀመረች። በዚህ ዘርፍ የብዙ ደራሲ ጅማሬ እንዲህ ነው። ጥሩ መጽሐፍ ያስደነግጣል፣ መጥፎ ሥራ ነው የሚያደፋፍር።

የልጅነቱን ነገር እዚህ ላይ እንተወው። ልብ በይልኝ የምለው ከ1970 በኋላ ያለውን ነው።

በ1970 ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ክላሪዮን የሚባል የስድስት ሳምንት የጽሕፈት ሥልጠና ገባች። እዚያ እንድትሄድ ያደፋፈራት ሃርላን ኤሊሰን ነው፤ ሎስ አንጀለስ ውስጥ በደራሲያን ነጻ ትምህርት ላይ ያገኘችው ታዋቂ ጸሐፊ። በዚያ በጋ ሁለት አጭር ልብ ወለድ ሸጠች። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። «በቃ፣ ደራሲ ሆንኩ» ብላ እንዳሰበች ራሷ ጽፋለች።

ከሁለቱ አንዱ በ1971 ታተመ። ሌላውን የገዛው ኤሊሰን ነበር፤ ሊያወጣው ባቀደው መድበል ውስጥ ሊያስገባው። መድበሉ ለአሥርት ዓመታት ሳይወጣ ቀረ። ታሪኩ አንባቢ ያገኘው በ2014 ነው፤ እሷ ከሞተች ከስምንት ዓመት በኋላ።

ከዚያ አምስት ዓመት ምንም አልሸጠችም። የእንቢታ ደብዳቤ ብቻ። በነዚህ ዓመታት ሳህን አጠበች። መጋዘን ውስጥ ሠራች። በስልክ ዕቃ ሸጠች። የድንች ቺፕስ ፋብሪካ ውስጥ የተበላሸውን ከደህናው ለየች። ሌሊት ስምንት ሰዓት ተነስታ ትጽፋለች፣ ከዚያ ወደ ሥራ። መኪና ስለማትነዳ በአውቶቡስ ነው።

ሰው ይህን ሲሰማ «እንዴት ያለ መከራ» ይላል። እኔ ሌላ ነገር ነው የማየው። ሥራዎቹ ጭንቅላቷን አይነኩም ነበር። ቺፕስ የምትለይ ሴት ዓይኗና እጇ ተይዘዋል፤ ሐሳቧ ግን የራሷ ነው። ደህና ደሞዝ ያለው፣ ግን ማታ ቤት ድረስ ተከትሎ የሚመጣ ሥራ ቢሆን ኖሮ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ የሚነሳ ጉልበት የት ይገኛል?

ቺፕስ ካነሳን አይቀር አንድ ልጨምር። ጂን ዎልፍ የተባለው ትልቅ የፋንታሲ ደራሲ ኢንጂነር ነበር። ፕሪንግልስ የሚጠበስበትን ማሽን ከሠሩት አንዱ ነው። ከዚያ የኢንጂነሪንግ መጽሔት አርታኢ ሆነ፤ ስሙ ከገነነም በኋላ እስከ 1984 ድረስ ሥራውን አልለቀቀም። የመጀመሪያ ልብ ወለዱ የወጣው በ1970 ነው። አሥራ አራት ዓመት ማለት ነው።

መብራት ኃይልም ለዘርፉ ባለውለታ ነው። ሳቂ፣ ግን እውነቴን ነው። የፋንታሲ ደራሲው ቴሪ ፕራቼት በእንግሊዝ የኤሌክትሪክ ኃይል ድርጅት ውስጥ የኑክሌር ጣቢያዎች የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ነበር። የመጀመሪያ መጽሐፉ በ1971 ወጣ። ታዋቂ ያደረገው የዲስክወርልድ ተከታታይ በ1983 ሲጀምር እንግሊዝ ውስጥ በደረቅ ሽፋን የታተመው 506 ቅጂ ብቻ ነበር። ከሥራ የለቀቀው በ1987። የሳይንስ ልብ ወለድ ደራሲው ሊዩ ሲሺን ደግሞ ቻይና፣ ሻንሺ ክፍለ ሀገር ውስጥ የኃይል ማመንጫ ጣቢያ ኢንጂነር ነበር፤ በሥራ ሰዓት ጭምር ይጽፍ እንደነበር ራሱ ተናግሯል። (ይህን አለቃሽ ባያነበው ይሻላል።)

ወደ በትለር ልመለስ። የመጀመሪያ ልብ ወለዷ በ1976 ወጣ። በ1977 ሁለተኛው። በ1978 ሦስተኛው። በ1979 አራተኛው። በ1980 አምስተኛው። በአምስት ዓመት አምስት መጽሐፍ። እነዚያ ሌሊት ስምንት ሰዓቶች የት እንደገቡ እዚህ ላይ ይታያል። ሙሉ ጊዜዋን በብዕሯ መኖር የጀመረችውም በነዚህ መጽሐፎች መካከል፣ ወደ ሰባዎቹ ማብቂያ ላይ ነው። ተንደላቅቃ እንዳይመስልሽ፤ ለራሷ ብቻ የምትበቃ፣ ባለ ብዙ ዓመት ጠባብ ኑሮ ነው።

ለምን አምስት መጽሐፍ አስፈለገ? አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። የሚከተለው ምሳሌ ነው፤ ቁጥሮቹ ግን ከእውነተኛ ውል ብዙ አይርቁም።

አሳታሚ መጽሐፍሽን ሲገዛ የሚሰጥሽ ገንዘብ ቅድመ ክፍያ ይባላል። ስጦታ አይደለም፣ ደሞዝም አይደለም። ወደፊት ከሽያጭ ከሚደርስሽ ድርሻ ላይ ቀድሞ የተሰጠሽ ብድር በይው። መጽሐፉ ባይሸጥ ግን አትመልሺም። 10,000 ዶላር ተስማማሽ እንበል። ወኪልሽ፣ ማለትም ረቂቅሽን ለአሳታሚ የሚሸጥልሽ ሰው፣ 15 ከመቶ ይወስዳል፤ 8,500 ቀረ። ይህም በአንዴ አይመጣም። ሲፈረም፣ የታረመው ረቂቅ ሲገባ፣ መጽሐፉ ሲወጣ እየተባለ ሦስት ቦታ ይቆራረጣል። ከፊርማ እስከ ህትመት ሁለት ዓመት ቢፈጅ በዓመት 4,250 ዶላር ነው። ግብሩን ገና አልነካነውም።

ከዚያ ሮያሊቲ፣ ማለትም ከእያንዳንዱ ቅጂ ሽያጭ የሚደርስሽ ድርሻ አለ። መጽሐፉ በስስ ሽፋን 16 ዶላር ቢሸጥና ድርሻሽ 7.5 ከመቶ ቢሆን፣ ከአንድ ቅጂ የሚደርስሽ 1 ዶላር ከ20 ሳንቲም ነው። 10,000ውን ለመሸፈን 8,334 ቅጂ መሸጥ አለበት። አዲስ ሳንቲም የምታዪው ከዚያ በኋላ ነው። ብዙ መጽሐፍ እዚያ ሳይደርስ ይቀራል።

ስለዚህ ማንም በአንድ መጽሐፍ አይኖርም። ደራሲ የሚኖረው በመደርደሪያው ነው። አዲሱ ሲወጣ አሮጌዎቹም ገበያ ላይ ካሉ፣ አንባቢው አዲሱን ወድዶ ወደ ኋላ ተመልሶ ሦስቱን ይገዛል። በሳይንስ ልብ ወለድና በፋንታሲ ይህ ነገር ከሌላው ዘርፍ ይበረታል፤ ምክንያቱም አንባቢው የሚገዛው ታሪኩን ብቻ ሳይሆን ታሪኩ ያለበትን ዓለም ነው። በትለር ካወጣቻቸው ከነዚያ አምስት መጽሐፎች አራቱ በአንድ ዓለም ውስጥ ናቸው። ደግሞ ከመጨረሻው ነው የጀመረችው። በ1976 ያወጣችው በዘመን አቆጣጠሩ የሩቁ ነው፤ በ1980ው ወደ ምንጩ፣ ወደ አፍሪካ ተመለሰች። ፕራቼት የዲስክወርልድን መጽሐፎች 41 አድርሷቸዋል። እያንዳንዱ አዲስ መጽሐፍ ለቀደሙት ሁሉ ማስታወቂያ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ያየሁትን ልንገርሽ። ስሙንም አሳታሚውንም አልጠራም። መምህር ነበር። የሦስት መጽሐፍ ውል አገኘ፣ በአንድ ተከታታይ። ድምሩ ትልቅ መሰለውና በወሩ ማስተማሩን ተወ። ውሉ ላይ ሦስቱ መጽሐፎች በጥምር ሒሳብ እንደሚታሰቡ የሚል አንቀጽ ነበር። አላነበበውም፤ ወይም አንብቦት አልገባውም። ትርጉሙ እንዲህ ነው፦ የአንደኛው መጽሐፍ ሽያጭ የራሱን ቅድመ ክፍያ ቢሸፍንም፣ የሁለተኛውና የሦስተኛው ዕዳ ሳይወርድ ሮያሊቲ አይከፈልም። አንደኛው ደህና ሄደ። ሁለተኛው ቀነሰ፤ ተከታታይ ላይ የተለመደ ነው፣ አንደኛውን ያላነበበ ሁለተኛውን አይገዛምና። ሦስተኛውን ያለ ደሞዝ፣ ከሁለት ልጆች ጋር፣ በዕዳ ተቀምጦ ጻፈው። ሲነበብ ያስታውቃል። ምዕራፎቹ ይሮጣሉ። ዛሬ ወደ ክፍሉ ተመልሷል፤ መጻፍም ጀምሯል ሲባል ሰምቻለሁ።

አንቺ ያጠራቀምሽው የአንድ ዓመት ተኩል ወጪ ነው። ከላይ ካሉት ሰዎች በአንድ ዓመት ተኩል አንዳች ቦታ የደረሰ አለ? የለም። በትለር ከክላሪዮን እስከ መጀመሪያ መጽሐፏ ስድስት ዓመት። ዎልፍ አሥራ አራት። ፕራቼት ከመጀመሪያው መጽሐፍ እስከ መልቀቂያው አሥራ ስድስት። ገንዘብሽ የሚያልቀው ሁለተኛውን ረቂቅ አርመሽ ለወኪል ልከሽ መልስ በምትጠብቂበት ወር ላይ ነው። በዚያ ጊዜ ሰው የማይፈርመው ውል የለም።

ብሩን ግን አትንኪው፤ ሌላ ጥቅም አለው። አሁን ስለ እሱ ልንገርሽ።

በትለር አራተኛ መጽሐፏን «ኪንድረድ»ን ስታስብ ችግር ገጠማት። ታሪኩ በ1976 ካሊፎርኒያ የምትኖር ጥቁር ሴት በማታውቀው ኃይል ተጎትታ ወደ ባርነት ዘመን ሜሪላንድ ስትወርድ ነው። በትለር ሜሪላንድን ረግጣ አታውቅም። ያላትን ትንሽ ገንዘብ ይዛ በአውቶቡስ አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር አቋረጠች። ቤተ መጻሕፍት ገባች፣ አገሩን በእግሯ ዞረች። የባሪያ ጉልበት ያለማው እርሻ ምን እንደሚመስል ለማየት ደግሞ ወደ ማውንት ቨርነን፣ ወደ ጆርጅ ዋሽንግተን ቤት ሄደች። ዲሲና ቨርጂኒያ ያላችሁ አንባቢዎች ታውቁታላችሁ፤ ከአሌክሳንድሪያ ወረድ ብሎ ወንዙ ዳር ነው፣ እንግዳ ሲመጣ የምትወስዱበት ቦታ። ያኔ አስጎብኚዎቹ «ባሪያ» የሚለውን ቃል አያወጡም ነበር። «አገልጋዮች» ነበር የሚሉት። እሷ ግቢውንና የሥራ መሣሪያዎቹን እያየች፣ ቃሉን እየሰማች ትዞራለች።

መጽሐፉን ካነበብሽው ያ ጉዞ ምን እንደሰጠው ታዪዋለሽ። ጀግናዋ ዳና ኑሮዋን የምትገፋው በቀን ሥራ አስቀጣሪ ኤጀንሲ በኩል ነው። እሷና ጓደኞቿ ያንን ቢሮ «የባሪያ ገበያ» እያሉ ይቀልዱበታል። ከዚያ እውነተኛው መጣ። ቀልዱን በትለር ከየት እንዳመጣችው ከላይ ነግሬሻለሁ፤ ሳህኑ፣ መጋዘኑ፣ ቺፕሱ። መጽሐፉ እስከ ዛሬ ከታወቁት ሥራዎቿ ሁሉ በላይ በትምህርት ቤትና በዩኒቨርሲቲ ይነበባል። አሳታሚው በ1979 ያወጣው ደግሞ እንደ ሳይንስ ልብ ወለድ ሳይሆን እንደ ተራ ልብ ወለድ ነው፤ እሷም በታሪኩ ውስጥ ሳይንስ የለም ትል ነበር። ዘርፍ ማለት አንዳንዴ መጽሐፍ መሸጫው ውስጥ የትኛው መደርደሪያ ላይ እንደምትቀመጪ ብቻ ነው።

እና ብርሽ ለዚህ ይሁን። ለኪራይ ሳይሆን ለጉዞ። መጽሐፍሽ የሚፈልገውን ቦታ ሄደሽ ለማየት፣ በዓመት አንድ ወር ያለ ደሞዝ ፈቃድ ወስደሽ ለመቀመጥ። በትለር አውቶቡስ ላይ ያወጣችው ገንዘብ ስንት ዓመት እንደከፈላት አስቢ።

ሦስተኛው መጽሐፏ ደግሞ ሌላ ትምህርት ነው። በ1978 ከወጣ በኋላ ጠላችው። ሰዎች ሌላ ፕላኔት ሄደው የአገሬውን ፍጡር አግብተው ይወልዳሉ፤ የተሰለቸ ነገር ነው ብላ በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ስም ታሾፍበት ነበር። ከመጀመሪያዎቹ እትሞች በኋላ፣ በሕይወት እስካለች ዳግም እንዲታተም አልፈቀደችም። ልብ በይ፤ እንዲህ ለማድረግ መብቱ በእጇ መሆን ነበረበት። ውል ስትፈርሚ መጽሐፉ ከገበያ ሲጠፋ መብቱ ወደ አንቺ እንደሚመለስ የሚለውን አንቀጽ ፈልጊ። ከሌለ አስገቢ። እንቢ ካሉ ጠንቀቅ በይ። አሮጌ መጽሐፍ የደራሲ ጡረታ ነው፣ ጡረታሽን ደግሞ ሌላ ሰው ካዝና ውስጥ ቆልፈሽ አትሄጂም።

ሽልማቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በ1984 በአጭር ልብ ወለድ ከዘርፉ ትልልቅ ሽልማቶች አንዱን፣ ሁጎን አገኘች፤ በተከታዩ ዓመት በሌላ ሥራ ደገመችው፤ ያው ሥራ ሌላውን ትልቅ ሽልማት፣ ኔቡላንም ወስዷል። ሁለቱም ታሪኮች የወጡት በይስሐቅ አሲሞቭ ስም በሚጠራው መጽሔት ላይ ነበር። አጭር ልብ ወለድ ኑሮ አይሆንም። በ2019 የአሜሪካ የዘርፉ ጸሐፊዎች ማህበር ለባለሙያ የሚገባ ዝቅተኛ ክፍያ ብሎ ያስቀመጠው ለአንድ ቃል 8 ሳንቲም ነበር። የ5,000 ቃል ታሪክ 400 ዶላር ማለት ነው። ግን ስምሽን ለአርታኢዎች የሚያስተዋውቅ ርካሽ መንገድ ነው፤ የእኛም ቢሮ አዲስ ደራሲ የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ከመጽሔት ነበር።

በ1993 «ፓራብል ኦፍ ዘ ሶወር» ወጣ። ያሳተመው ኒውዮርክ ውስጥ ያለ ትንሽ ቤት ነው። በ1995 የማክአርተር ሽልማት መጣ፤ 295,000 ዶላር፣ በአምስት ዓመት የሚከፈል። ለሳይንስ ልብ ወለድ ጸሐፊ ሲሰጥ የመጀመሪያው ነበር። በዚያ ዓመት አርባ ስምንት ሞላት። ለእሷና ለእናቷ ቤት ገዛች። እናቷ፣ ያቺ የጽሕፈት መኪና የገዛችው፣ በተከታዩ ዓመት ሞተች።

እንግዲህ አሁን ጊዜም ገንዘብም አላት። መጻፉ ቀለለ? በጭራሽ። የ1993ቱን ተከታይ በ1998 አወጣች፣ በኔቡላም የዓመቱ ምርጥ ልብ ወለድ ተባለ። ከዚያ ሦስተኛውን ልትጽፍ ተቀመጠች። ጀመረች፣ ጣለች። ጀመረች፣ ጣለች። የጅምሮቹ ወረቀት በብዛት ዛሬ ሳን ማሪኖ፣ በሀንቲንግተን ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል፤ ከ8,000 በላይ ከሆኑት የእሷ ወረቀቶች ጋር። የደም ግፊት መድኃኒቱ ያንገላጅጃት ነበር። ዓመታት አለፉ። በመጨረሻ ነገሩን ትታ፣ ለመዝናናት ያህል፣ የደም መጣጮች ታሪክ ጻፈች፤ በ2005 ወጣ። በየካቲት 2006፣ ሲያትል አጠገብ ሞተች። 58 ዓመቷ ነበር።

ይህን የምነግርሽ ለምን እንደሆነ ይገባሻል። «ሙሉ ጊዜ» ብቻውን መጽሐፍ አይጽፍም። ሥራ ለቅቀው ቤት የተቀመጡ ስንት ሰዎች ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ማታ ዕቃ ሲያጥቡ እንደሚውሉ ብታውቂ! በትለር ለጀማሪዎች በጻፈችው ምክር ላይ ተመስጦ የሚባለውን እርሱት፣ ልማድ ይሻላል፣ ልማድ ተመስጦ ቢመጣም ባይመጣም ይይዛችኋል ብላለች። ልማዱ ደግሞ ያንቺ አለሽ፤ ማታ ማታ ትጽፊያለሽ።

በ1988 በማስታወሻ ደብተሯ ላይ መጽሐፎቼ በምርጥ ሽያጭ ዝርዝር ላይ ይወጣሉ ብላ ለራሷ ጽፋለች፤ ጸሎትም ትእዛዝም በሚመስል ቋንቋ፣ በመጨረሻም «ይሁን! ተግባራዊ አድርጊው!» ብላ። በሕይወቷ አልሆነም። የሆነው በመስከረም 2020 ነው። በኮሮናው ዓመት ያ በ1993 በትንሽ አሳታሚ የወጣው መጽሐፍ የኒውዮርክ ታይምስ ዝርዝር ውስጥ ገባ። ታሪኩ የሚጀምረው በሐምሌ 2024 ነው፤ ሙቀት፣ እሳት፣ ውኃ የሚገዙ ሰዎች፣ በአጥር የታጠረ ሰፈር። ሰው ሲያነበው የዛሬ ዜና መሰለው። የመጽሐፉ ገንዘብ ለእሷ አልደረሰም፤ ግን መጽሐፉ ሃያ ሰባት ዓመት ገበያ ላይ ባይቆይ ኖሮ ማንም ሊያገኘው አይችልም ነበር።

በደብዳቤሽ መጨረሻ በእንግሊዝኛ ብጽፍ ይሻላል ወይ ብለሽ ጣል አድርገሻል። ሊዩ ሲሺንን አስታውሺ። «ዘ ስሪ ቦዲ ፕሮብለም» የተባለውን ልብ ወለዱን በ2006 በቻይንኛ መጽሔት በተከታታይ አወጣው፣ በ2008 መጽሐፍ ሆነ፣ በእንግሊዝኛ የወጣው በ2014 ነው። በ2015 ሁጎን ወሰደ። በቋንቋው የጻፈው ነገር ጠንካራ ስለነበር ነው ተርጓሚ የተገኘለት። አንቺ በአማርኛ ስትቀልጂ አያለሁ፤ በእንግሊዝኛ የላክሽልኝ ማጠቃለያ ላይ ግን ቀልድ የለም፣ ሁሉም ሰው እንደ ማመልከቻ ነው የሚናገረው። እርግጥ የአማርኛው ገበያ ሌላ ጣጣ አለው። እኛ ጋ ብዙው ደራሲ የማተሚያውን ዋጋ ከኪሱ አውጥቶ፣ አከፋፋይ ለምኖ ነው የሚሸጠው፤ ቅድመ ክፍያ የሚባል ነገር ብርቅ ነው። ይህ ደግሞ ደሞዝሽን የምትይዢበት ሌላ ምክንያት ነው። አሳታሚሽ ደሞዝሽ ነው።

አንድ ነገር ሳልረሳ። «ረቂቅሽን አንብበን እንወክልሻለን፣ የንባብ ክፍያ ግን አለው» የሚል ሰው ከመጣ፣ ስልኩን ዝጊው። በትለር ልጅ ሳለች እንዲህ ያለ አንድ «ወኪል» አጋጥሟት እናቷ ከ60 ዶላር በላይ ከፍላለች። በዚያን ጊዜ ከወር የቤት ኪራያቸው ይበልጥ ነበር። እውነተኛ ወኪል የሚበላው ከሽያጭሽ ላይ ነው፣ ካልሸጠ አይበላም።

አሁን ወደ ሦስቱ ምዕራፎች። ሁለቴ አነበብኳቸው። የመጀመሪያዎቹ 14 ገጾች በሰቃ ሐይቅ እንዴት እየሰፋ እንደመጣ ይተርካሉ። እውነት ነው፣ ሐይቁ ለአሥርት ዓመታት እየሰፋ መተሐራ አጠገብ መንገዱንና ሐዲዱን ሲፈታተን ኖሯል፤ ጥናትሽም ጥሩ ነው። ግን ሪፖርት ነው። ቁረጪው። ሰው የሚፈልገውን ያህል ኋላ ላይ ታንጠባጥቢለታለሽ።

ገጽ 15 ላይ ጨዋማው ውኃ በባንኩ በር ስር ገባ። ጥበቃው ጮኸ፣ ደንበኞቹ ወጡ። ገንዘብ ከፋይዋ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ወንበሩ ላይ አነሳችና መቁጠሯን ቀጠለች፤ ባላንስ ካላደረገች ጉድለቱ ከደሞዟ ነዋ። ውኃው የብር መቁጠሪያውን ማሽን ገመድ ሲደርስ በእጇ ቆጠረች። እኔ ለንደን ውስጥ በአውቶቡስ እያነበብኩ መውረጃዬን አሳለፍኩ። ይህን ባንክ መስኮት ኋላ ተቀምጦ የማያውቅ ሰው ሊጽፈው አይችልም። መጽሐፉ ከዚያ ይጀምር።

አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። ማታ ሒሳቡን ስትዘጋ 200 ብር ጎደለባት። ምዕራፍ ሦስት ላይ ረስተሽዋል። ማን ወሰደው?